ቀይ ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች

በቀኝ እጄ ጣቶች ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሲወጣ እርድ ነው ብዬ ተውኩት። በዚያ ሰሞን ዓሣ በእርድ እያሸሁ እጠብስ ስለነበር ሌላ የምጠረጥረው ነገር አልነበረኝም። በሎሚ ፈተግሁት፣ በበረኪና ነከርኩት፣ አልለቅ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆዳው ራሱ ተልጦ ሲረግፍ ነጠብጣቡም አብሮ ሄደ፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲመላለስብኝ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ "ይሄ ነገር ከምንድነው?" አላልኩም። ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ የመጣሁት ሰው ቤት ተቀጥሬ ልሠራ ነው። ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ በእጄ የነበረው አንድ ሻንጣና የአንዲት ዘመዴ ስልክ ቁጥር ነበር። ያቺ ዘመዴ ሄሮን ሰፈር አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ቤት አስገባችኝና እዚያው እያደርኩ መሥራት ጀመርኩ። ሙሴ እላቸው ነበር፤ እኛ ድሬዳዋ ፈረንጅን እንደዚያ ነው የምንጠራው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ምግብ ላይ አያስቸግሩም፤ መነጽራቸውን ግን በቀን አሥር ጊዜ ያስፈልጉኛል።

ስለ ራሴ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ በንጽሕና ቀልድ አላውቅም። ይህንን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ዘንድ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር የነካው ዕቃ ሦስቴ ሳይታጠብ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ነበር። ሁለቴ አጥቤ ሦስቴ ያልኩ ቀን ከጀርባዬ ቆማ ስትቆጥር ኖራ፣ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሙሴ ቤትም ብርጭቆዎቼን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወደ ብርሃን አንስቼ ሳላይ አላስቀምጥም። እንግዳ መጥቶ "የዚህ ቤት ብርጭቆ እንዴት ያበራል" ሲል ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ደስ ይለኛል። ኩራቴ ይሄ ነበር፤ ሌላ የምኮራበት ነገር ብዙም አልነበረኝም።

የሙሴ ሙያ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ተራ ከሚጠብቁበት አለፍ ብሎ፣ ዱሮ ከመርከብ የተራገፈ የድንጋይ ከሰል የሚከመርበት ትልቅ ግቢ ነበር። ከሰሉ እዚያ ወራት ይቀመጥና በመኪና ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይሄዳል። በኋላ ግቢው ተዘጋ። ጥቁሩ መሬት ተጠርጎ ተነሣ፣ ላዩ በወፍራም አፈር ተሸፈነ፣ ቁጥቋጦ ተተከለበት። አሁን በዚያ ሲያልፍ የሚያይ ሰው ከሰል ነበረበት ብሎ አያስብም። ከሥር ያለው ውሃ ግን አፈር ስለለበሰ ብቻ አይጸዳም። ጅቡቲ ዝናብ የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጥል ግን ጎርፍ ነው፤ ያ ጎርፍ ለዓመታት በከሰሉ ውስጥ እየሰረገ ምን ይዞ እንደወረደ መታወቅ ነበረበት። ስለዚህ በግቢው ዙሪያ አምስት ጉድጓዶች አሉ፤ በየሦስት ወሩ ከአምስቱም ውሃ እየተቀዳ ባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ይላካል። ይህ የሙሴ ሥራ ነበር።

እኔ እዚያ የሄድኩት በጉልበታቸው ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ቁጢጥ ካሉ ሰው ደግፎ ካላነሣቸው አይነሡም። መጀመሪያ የበረዶ ሳጥኑንና ምሳቸውን ተሸክሜ ሄድኩ። ቀጥሎ ገመድ ያዥ ተባልኩ። ከዚያ መለኪያውን ማንበብ አስተማሩኝ፤ ቁጥር እንደሆነ ቁጥር ነው፣ የፈረንሳይኛ ንባብ አይጠይቅም። ፈረንሳይኛ አፌ ላይ ጥሩ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ያኔ አላውቀውም ነበር።

ውሃው ዝም ብሎ አይቀዳም። አስቀድሞ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ የሰነበተው ተስቦ መፍሰስ አለበት። ሙሴ "የቆመ ውሃ ስለ ቧንቧው ነው የሚያወራው፤ እኛ የምንፈልገው መሬቱ የሚለውን ነው" ይሉ ነበር። እኔ እየሳብኩ አፈሳለሁ፣ እሳቸው መለኪያውን ያያሉ፣ ቁጥሩ መዋዠቁን ሲያቆም ያን ጊዜ ጠርሙሱ ይሞላል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ውሃ በባልዲ እያነሣሁ ሳፈስ አንጀቴ ያርር ነበር። የሚያየኝም ሰው ነበረ። የግቢው ዘበኛ ሚስት፣ የአፋር ሴት፣ ከአጥሩ ጥግ ከቆርቆሮና ከጣውላ በተሠራው ቤቷ በር ላይ ቆማ ባልዲ በባልዲ ትቆጥርልኝ ነበር። እርጉዝ ነበረች።

"ለምንድነው የምትደፊው?" አለችኝ አንድ ቀን በሶማሊኛ። እኔም እሷም የምንግባባው በዚያ ነው።

"ሥራው ነው" አልኳት።

"ውሃ መድፋት ሥራ ነው?"

እሷ የምትጠጣው ቦቴ የሚያመጣላትን ነው፤ ቦቴው የሚመጣው ደግሞ ሾፌሩ ደስ ባለው ቀን ነው። በሐምሲን ወራት፣ ያ አሸዋ ያዘለ ንፋስ መንገዱን ሲሞላው፣ ጭራሽ ሳይመጣ ይቀራል። ከቤቷ ሃያ እርምጃ ላይ ግን አራተኛው ጉድጓድ አለ። እሱ እንደ ሌሎቹ ቀጭን ቧንቧ አይደለም፤ ግቢው ከመሠራቱ በፊት የነበረ ሰፊ ጉድጓድ ነው፣ የእጅ ፓምፕ አለው። ፓምፑ በሰንሰለት ታስሯል። "ይህ ውሃ መቼ ነው የሚፈታልን?" ትል ነበር በሄድን ቁጥር። ሙሴን ጠይቄ ነገርኳት፤ ውጤቱ ተደጋግሞ ንጹሕ ከሆነ ይፈታል ተብሏል።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ ልምጣ። ከላቦራቶሪው በየሦስት ወሩ አንድ ካርቶን ባዶ ጠርሙስ ይመጣል። ካርቶኑን የምፈታው እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያው ካርቶን ሲመጣ ጠርሙሶቹን በጓዳው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ነጭ ክዳን ያላቸው አሉ፣ ሰማያዊ አሉ፣ ቀይ ክዳን ያላቸው አምስት አሉ። የቀዮቹን አንዱን እንደ ልማዴ ወደ መስኮቱ አንሥቼ ሳይ ታቹ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ አየሁ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስቱም። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። "ኧረ እነዚህ ሰዎች! ዕቃ አጥቦ ማድረቅ እንኳ አያውቁም" አልኩ። እጄ ላይ ትንሽ ነካኝ፣ ለበለበኝ፣ በውሃ አለቀለቅሁት። ከዚያ አምስቱንም በፈላ ውሃ ሦስቴ አጠብኩ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጬ አደረቅሁ፣ ክዳናቸውን ገጥሜ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ለሙሴ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ሳህን ባጠብኩ ቁጥር ሄጄ እነግራቸዋለሁ እንዴ?

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። ካርቶን ይመጣል፣ አጥባለሁ፣ ጣቴ ቢጫ ይሆናል፣ እርድን እረግማለሁ። ውጤቱ ይመጣል፤ ውሃው ጨዋማ ነው፣ እዚህ አገር ጨዋማ ያልሆነ ውሃ የታለና፤ ሌላ ግን የሚያሰጋ ነገር የለውም። ሙሴ ወረቀቱን ደጋግመው ያነባሉ። አንድ ጊዜ "እንዲህ ይጸዳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር" ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ደስ ብሏቸው ነው የተናገሩት፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አንድ የተበላሸ መሬት ድኖ አይተው ወደ አገራቸው ቢገቡ ይወዱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ አራተኛው ጉድጓድ የተፈታ ቀን እኔም ነበርኩ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ሲያወርድ ሚስቱ ሴት ልጇን አዝላ መጣች፤ ያኔ ልጅቷ ወር እንኳ አልሞላትም። ፓምፑን ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ውሃው ሲወርድ እጇን ከሥሩ አድርጋ ቆመች። ከዚያ በጣሳ ቀዳችና አልጠጣችም፤ እኔን አየችኝ።

"ጥሩ ነው?" አለች።

ጣሳውን ከእጇ ተቀብዬ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። "ወላሂ ጥሩ ነው" አልኳት። እሷም ጠጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድን ቁጥር ከጉድጓዱ ቀድታ መጀመሪያ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ የእንግዳ ክብሬ ነው። ልጅቷም ከፍ ስትል ከዚያው ጣሳ መጠጣት ጀመረች።

ነገሩ የተገለጠው በአንዲት ሴት ጣት ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ሊከፈት ነበርና ውጭ ተምራ የመጣች የአገሩ ልጅ ሙሴን ልታማክር ቤት መጣች። ሙሴ ስልክ ላይ ስለነበሩ እሷ ጓዳ ገብታ ከእኔ ጋር ወሬ ጀመረች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሠራተኛ ብላ አትንቅም። የሎሚ ጭማቂ ስሰጣት ብርጭቆውን የያዘ አመልካች ጣቷ ላይ ያ ነጠብጣብ አለ። የእኔው ቢጫ።

"አንቺም እርድ ነካሽ?" ብዬ ሳቅሁ።

"እርድ አይደለም፤ አሲድ ነው" አለች። "የናሙና ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጠብታ እናደርጋለን፤ ቆዳ ከነካ እንዲህ ያደርጋል፣ ካልተላጠ አይለቅም።"

"ለምን ታደርጉበታላችሁ?"

"ውሃ ውስጥ ብረት ነገር ካለ ሳይለካ እንዳይጠፋ። ያለ አሲድ ከሰነበተ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ውሃው ሲመረመር ባዶ ይመስላል።"

እሷ ማውራቷን ቀጠለች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ዓይኔ የራሴ ጣት ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ካርቶን መጥቶ ነበር፣ ነጠብጣቡ ገና ትኩስ ነው። እጄን ከሽርጤ ሥር ደበቅሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አንዳንዴ ሥራ አጣለሁ ብዬ ነው እላለሁ፤ ከሙሴ ቤት ከወጣሁ የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ ይወጣል። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያፈርኩት በማጠቤ ነው። ቆሽሼ ባጠፋ፣ ሰንፌ ባጠፋ እንዴት እንደምናገር አውቅ ነበር። ንጹሕ አድርጌ አጠፋሁ ብሎ መናገር ግን ከየት እንደሚጀመር አላወቅሁም። ሦስት ቀን ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ልብስ ተኮስኩ፤ በእያንዳንዱ ቀን ያቺ ልጅ ከዚያ ጉድጓድ እየጠጣች መሆኑን እያወቅሁ። ራሴን የማልምረው በዚህ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሙሴ ቁርስ ላይ ሳሉ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ቀይ ክዳን ጠርሙስ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"ይህንን አጥቤዋለሁ" አልኩ። "ሁሉንም አጥቤያቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ።"

መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር፣ አወረድኩላቸው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ቆጣ ቢሉ በወደድኩ ነበር። ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡና "ስሞላው ማየት ነበረብኝ" አሉ። "አንቺ ያሰናዳሽው ነገር ነው ብዬ አላይም ነበር።" ስድብ አልነበረም፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ፓምፑ ዛሬ ይታሰር" አልኳቸው።

"ውጤት ሳይኖረን ምን ብለን እናስራለን?"

"ሙሴ፣ ዛሬ" አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ያናገርኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ስልካቸውን አንሥተው ደወሉ። ዘበኛው ማምሻውን እንደሚያስረው፣ ቢሮው ደግሞ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንደሚያቆም ነገሩኝ።

"ሰሌዳውን ማን ያነበዋል? እኔ ሄጄ እነግራታለሁ" አልኩና ወጣሁ።

በሚኒባስ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ተጓዝኩ። ከባድ መኪኖቹ አጠገቤ ሲያልፉ አቧራቸው ይውጠኛል፤ ምን ብዬ እንደምጀምር እያወጣሁ እያወረድኩ ደረስኩ። የዘበኛው ሚስት ልጇን እያጠበች ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ጣሳዋን አነሣችና ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

"አትቅጂ" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ጠርሙሱን፣ ጠብታውን፣ ማጠቤን፣ ሦስቱን ቀን ሳልደብቅ። እየሰማችኝ ልጅቷን በጨርቅ ጠቀለለቻት፤ ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላም ጨርቁን ማጥበቋን አልተወችም።

"ወረቀቱ ንጹሕ ነው ብሎ ነበር አይደል?" አልኩ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ። ምናልባት ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ እንድታደርገው ነበር።

"እኔ ወረቀት አላውቅም" አለች። "አንቺ ስትጠጪ አይቼ ነው የጠጣሁት።"

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ አላባረረችኝም። ማምሻውን ባሏ መጥቶ ሰንሰለቱን ሲያስር ድምፁን ሁለታችንም ሰማን።

በዚያው ወር ውሃው እንደገና ተቀዳ፤ የመጣው ካርቶን በሙሉ ተመልሶ አዲስ ጠርሙስ ተላከልን፣ እኔም ክዳኑን እንኳ አልነካሁም። ውጤቱ ሲመጣ ከአምስቱ ጉድጓዶች በሦስቱ እርሳስ ተገኘ፤ ተማሪ የሚጽፍበት ሳይሆን ያ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳው ከባድ ብረት። አራተኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። ሙሴ ለጻፏቸው ሪፖርቶች ሁሉ ማረሚያ ጻፉ። እኔን ሳይወቅሱ ጠርሙሶቹ ታጥበው እንደነበርና እሳቸው እንዳላዩ ብቻ ጻፉ። ከሥራም አላስወጡኝም። ጓዳ ውስጥ ከተቀመጥኩበት መጥተው የጠርሙሱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ያስነብቡኝ ጀመር። "አይታጠብ" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ ስይዘው ይህንኑ ይል ነበር።

የልጅቷን ደም ያቺ የላቦራቶሪዋ ልጅ በራሷ ጥረት አስመረመረችው። እርሳስ አለ፣ ግን ትንሽ ነው ተባለ። ሐኪሙ አሁን ምንም ማለት አይቻልም፣ ስታድግ ይታያል አለ፤ በተለይ ንግግሯን ተከታተሉ፣ አፍ መፍታት ከዘገየች አምጧት አለ። እኔ ከዚያ ወዲህ የምከታተለው ይህንኑ ነው። ሙሴ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ የጉድጓዱን ሥራ ያቺው የላቦራቶሪዋ ልጅ ተረከበች፤ እኔም ካርቲየ ሦስት በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከእሷ ጋር ውሃ እቀዳለሁ። ግን ከሥራው ቀን ውጭም በየሳምንቱ ሐሙስ ሁለት ጄሪካን የከተማ ውሃ ይዤ እሄዳለሁ። የዘበኛው ሚስት ትቀበለኛለች። ጣሳ ግን አታቀርብልኝም። እኔም አልጠይቅም። ልጅቷን አቅፌ ፍየሉን አሳያታለሁ፣ መኪናውን አሳያታለሁ፣ ስማቸውን እነግራታለሁ፤ ታየኛለች፣ ትስቃለች፣ ምንም አትልም። እኩዮቿ በሰፈሬ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር የእሷን ወራት እቆጥራለሁ።

ያለፈው ሐሙስ ጄሪካኖቹን በሩ ላይ ሳስቀምጥ እናቷ አንዱን ከፍታ በጣሳ ቀዳች። ልጅቷ እየተንገዳገደች መጣች፣ ሁለት እጇን ወደ ጣሳው ዘረጋችና ጥርት ባለ ድምፅ "ሌ" አለች። በአፋርኛ ውሃ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ጮኼ ላቅፋት ተነሣሁ፤ እንባዬ ቀድሞኝ መጥቷል። እናቷም ፈገግ ብላ አየቻት። ጣሳውን ግን ልጅቷ ከማትደርስበት ከፍ አደረገችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አንቺ ቅደሚ" አለች።

ጠጣሁ። ባዶውን መለስኩላት። ልጅቷ አሁንም እጇን ዘርግታ "ሌ" ትላለች፤ እናቷ ጣሳውን በእጇ ይዛ ፊቴን ታያለች። ለልጅቷ የቀዳችላት እኔ ምንም ሳልሆን መንገዱ ጫፍ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ዞሬ አይቻለሁ።